ሐሙስ የመጣ ውሃ

ማህሌት ያንን ፎቶ ባየችው ቁጥር ያቅለሸልሻታል። ፎቶው ግን ውብ ነው። በዓይን የማይታየው የዚንክ ኦክሳይድ ቅንጣት፣ ማይክሮስኮፑ አጉልቶት፣ የፈነዳ አበባ መስሏል። የማስተርስ አማካሪዋ ዶክተር ፈቀደ በትልቁ አሳትመው ቢሯቸው ሰቅለውታል፤ ቃሊቲ ወዳለው ቤተ ሙከራቸው የመጣ እንግዳ ሁሉ ሳይሳለመው አይወጣም።

መብቀል የነበረበት ግን አበባ ሳይሆን ዘንግ ነው። ሙቀቱ ዘጠና ዲግሪ፣ ውሃው በደንብ የተጣራ ከሆነ ቅንጣቱ በሚያበቅሉበት መስታወት ላይ እንደ ስንዴ ማሳ ቀጥ ብሎ ይበቅላል። አንዱ ከተዛባ መልኩ ይለወጣል። ምን እንደተዛባ ሦስት ሳምንት ፈልጋ ያገኘችው ከጽዳት ሠራተኛዋ ከእትዬ ወርቅውሃ ነው።

«ሐሙስ ውሃ መጣ አይደል እንዴ? ባዶ ጀሪካን እያየሁ ዝም ልበል? የእናንተንም ከቧንቧው ሞላሁላችሁ» አሏት፣ ምስጋና እየጠበቁ።

ውሃ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ሰፈር ባዶ ጀሪካን አልፎ መሄድ ነውር ነው፤ ማን ይፈርድባቸዋል? ማህሌት በተጣራ ውሃ ሞከረች፣ ዘንግ ወጣ። በቧንቧው ሞከረች፣ አበባ። ሮጣ ለዶክተሩ ነገረቻቸው።

«ታዲያ ምን ይጠበስ?» አሉ ሻያቸውን እያማሰሉ። «ሙቀቱን ሰማንያ አድርገን ነው ያገኘነው ብለሽ ጻፊ። የጽዳት ሠራተኛ ነች ያገኘችው ልንል ነው?»

«ሙቀቱን እኮ አልነካሁትም፣ ዶክተር።»

«ያለኔ ፊርማ አትመረቂም። እወቂበት፣ የኔ እመቤት።»

ከሁሉም የቀፈፋት ይሄ «የኔ እመቤት» ነበር። እሳቸውን እየተጸየፈች ግን ሰማንያ ብላ ጻፈች። ያን ቀን ቱሉ ዲምቱ ቤቷ እስክትደርስ ታክሲው ውስጥ እጇን በቀሚሷ ስትጠርግ ነበር።

ጥናቷን ባቀረበችበት ቀን ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፈታኝ፣ ፕሮፌሰር የሺዋስ፣ «ሰማንያ ላይ ደግማችሁ አብቅላችሁታል?» አሉ።

«እንዴታ! ሁሌም ይወጣል» አሉ ዶክተር ፈቀደ፣ ሳይጠየቁ።

ማህሌት አላስቻላትም። «አይወጣም» አለች። «ሙቀቱ አይደለም፣ ውሃው ነው። እትዬ ወርቅውሃ ከቧንቧ የቀዱት ውሃ።»

ዶክተር ፈቀደ እንኳን ሊያፍሩ፣ ጭራሽ አዝነው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ተማሪዬ አታልላኛለች ማለት ነው። ሰማንያ ብላ የጻፈችው እሷ ናት» አሉ።

ፕሮፌሰሩ ወረቀቱን ገልጠው አዩ። «የተጻፈው ባንቺ ስም ነው» አሏት።

እውነት ነው። አሁን ደግሞ ራሷ ቀፈፈቻት።

«አዎ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች። «ጥናቱን ሰርዙልኝ። ዲግሪውም ይቅር።»