አርባ ስድስተኛዋ ኮከብ

ፋኖስ ሠሪው ኪዩቤ በዮኮሃማ ወደብ አርባ ዓመት ሲሠራ አንድም ፋኖስ ተመልሶበት አያውቅም። ይህን ደግሞ ሳይጠየቅ ይናገራል። «አንዲት ፋኖስ ጉድለት አለባት ተብላ ከተመለሰች፣ ይቺን ሰሌዳ አውርጄ ማገዶ አደርጋታለሁ» ይላል፣ ከበሩ በላይ የተሰቀለችውን፣ የአባቱ ስም የተቀረጸባትን ሰሌዳ እያሳየ። ልጁ ኦሪኩ ይህን በሰማች ቁጥር ዓይኗን ወደ ጣሪያ ትሰቅላለች።

አንድ ዓመት በጥቅምት ወር አሥራ ስድስት ነጫጭ የአሜሪካ የጦር መርከቦች ለወዳጅነት ይመጣሉ ተባለና ከተማው ሠርግ ቤት መሰለ። ለወዳጅነት ያን ሁሉ መድፍ ምን አመጣው ብሎ የጠየቀ የለም፤ ጮክ ብሎ የጠየቀ ማለቴ ነው። የአቀባበሉ ኮሚቴ ኪዩቤን የአሜሪካ ባንዲራ የተሣለባቸው ሦስት መቶ የወረቀት ፋኖሶች አዘዘው። ሽማግሌው ሚያዝያ ላይ የአሜሪካ ቆንስላ ደጅ ቆሞ የባንዲራውን ኮከቦች ሦስት ጊዜ ቆጥሮ ነበር፤ አርባ አምስት ናቸው። እንደዚያው አድርጎ ሣለ፣ ዘይት ቀባ፣ አደረቀ፣ ከታች ማኅተሙን መታ።

የአቀባበሉ የፋኖስ ሰልፍ አንድ ቀን ሲቀረው ጎረቤቱ ታትሱዞ ብቅ አለ። ሳን ፍራንሲስኮ ስምንት ዓመት የሰው ጢም ሲላጭ ኖሮ የተመለሰ ፀጉር አስተካካይ ነው። አንዷን ፋኖስ አንስቶ ቆጠረና ሳቀ።

«ጋሼ፣ አንድ ኮከብ ጎድሎዎታል።»

«ምላስህ ይጉደል! ሦስት ጊዜ ነው የቆጠርኩት።»

«መቼ?»

«ሚያዝያ።»

«እሱማ ሚያዝያ ነው። አንድ ኮከብ ለአንድ ክፍለ ሀገር ነው፤ አዲስ ክፍለ ሀገር ገብቶላቸው ሐምሌ ላይ አርባ ስድስት ሆነዋል።»

ኪዩቤ በርጩማው ላይ ዘጭ አለ። «ምን ጉድ ነው? ሰው ጀርባውን ባዞረ ቁጥር አገር ይጨምራሉ እንዴ?»

«ይጨምራሉ እንጂ! ፊሊፒንስን ሲወስዱ እርስዎ የት ነበሩ? ትናንት ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ልጆቻችሁ ከልጆቻችን ጋር አይማሩም ያሉን ሰዎች፣ ዛሬ በራችንን ሊያንኳኩ መጡ።»

«ያንኳኩ። በሬን ያንኳኳ እንግዳዬ ነው። ለእንግዳ ደግሞ የጎደለ ነገር አልሰጥም!»

ግን ምን ያድርግ? ዘይት የጠጣ ወረቀት ቀለምም ሙጫም አይቀበልም፤ ሦስት መቶ ፋኖስ ደግሞ በአንድ ቀን እንደ አዲስ አይሠራም። ቀና ብሎ ሰሌዳዋን አየ። ይሄኔ ኦሪኩ ወስፌ አነሳችና አንዷን ፋኖስ ሰማያዊው ጥግ ላይ ጠቅ አደረገቻት።

«አንቺ! ምን አደረግሽ?»

«አባባ፣ ሻማ ለኩስና እያት።»

ለኮሰ። ከቀዳዳዋ የወጣው ብርሃን ከአርባ አምስቱ ኮከቦች ሁሉ በልጦ ደመቀ። ሽማግሌው ጠጋ ብሎ አየና «ሌላ ወስፌ የታለ?» አለ። ለታትሱዞም አንድ አስያዙት።

ሰልፉ በዘፈን በጭፈራ አለፈ። በማግስቱ ጠዋት ግን አንድ ረጅም አሜሪካዊ መርከበኛ ሰልፉ ላይ የደረሰችውን ፋኖስ ይዞ ሱቁ በር ላይ ቆመ። ፋኖሷን ገልብጦ ማኅተሙን አሳየ፤ ቀጥሎም ጣቱን ቀዳዳዋ ላይ አደረገ። አርባ ዓመት! ኪዩቤ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለምና መሰላሉን አምጥቶ ሰሌዳዋን ማውረድ ጀመረ። ኦሪኩ ታትሱዞን ልትጠራ በረረች።

ታትሱዞ ግማሽ ጢሙ የተላጨ ደንበኛውን ትቶ መጣ። ከመርከበኛው ጋር ጥቂት አወራና «ጋሼ፣ ይተውዋት እባክዎ!» አለ። «ልጁ የዚያ የአዲሱ ክፍለ ሀገር ሰው ነው። ኮከባቸው ባንዲራው ላይ ስትገባ እሱ ባሕር ላይ ነበር። የኛዋን ኮከብ ከሁሉም አብልጦ ያበራት ማን ነው? ለእናቴ አንድ ይሥራልኝ፣ ነው የሚለው።»

«ጉድለት አለባት አላለም?»

«ኧረ አላለም!»

ኪዩቤ ሰሌዳዋን ደረቱ ላይ እንዳቀፈ እንባው መጣ። መልሶ ሰቀላት፤ እንዳትዛነፍም ሁለት ጊዜ አስተካከላት። ወርዶ ብሩሹን ሲያነሳ ግን የሙያው ጥንቃቄ ያዘው።

«እስቲ ጠይቅልኝ» አለው ታትሱዞን። «ለሚቀጥለው ኮከብ ቦታ ልተው ወይስ በቃቸው?»

መርከበኛው ሲተረጎምለት ከት ብሎ ሳቀ።

«እንጃ ይላል» አለ ታትሱዞ።

ኪዩቤ ሰፋ አድርጎ ቦታ ተወ።