አንድ ጣት ትርፍ

ሞተሬ ዕድሜው ከእኔ ብዙም አይርቅም። ከአንድ የተዘጋ ፕሮጀክት ለእንስሳት ጤና ሥራ የተረፈ ነው፤ ከጎረቤላ በታች ወዳሉት ቆላ ቀበሌዎች የክትባት ሳጥኔን ጭኜ የምወርደው በእሱ ነው። ባለፈው ወር ዝናብ ካወረደው ድንጋይ ጋር ተላተምኩና የፊት ጎማውን የሚይዙት ሁለት እግሮች፣ የመለዋወጫ ሻጮች ፎርክ የሚሏቸው፣ ተጣመሙ። እኔ ጉልበቴ ከመላጡ በቀር ደህና ነኝ።

አለቆቼ ይህን ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል ወዲያው ደብዳቤ ጻፉ። ሰኞ ኮሚቴ ይመጣል፤ ሞተሩ ተነስቶ ካልሄደ በሐራጅ ይሸጣል፤ እኔም ደብረ ብርሃን ተዛውሬ ሪፖርት እጽፋለሁ። ለሌላ ሰው ይህ እድገት ነው። እኔ ግን ወንበር ላይ ስውል ወገቤም ጠባዬም ይበላሻል። ደግሞም እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመቷ ነው፤ አባቴን ቄስ ገብረአብን ብቻቸውን ትቼ መሄድ አልፈልግም።

ሐሙስ ደብረ ብርሃን ሥልጠና ነበረኝ። ሲያልቅ በቀጥታ አሮጌ የሞተር ዕቃ ወደሚሸጠው ዘርአ ዳዊት ሄድኩና የሞተሩን ስምና ዓመተ ምህረት ነገርኩት።

«እሱ አይበቃኝም እህቴ» አለ። «በዚህ ዕድሜው ስንት መካኒክ ነካክቶታል። የሌላ ሞተር እግር ገጥመውበት ቢሆንስ? ውፍረቱን በሚሊ አምጪልኝ።»

ሞተሩ ያለው ጎረቤላ፣ እኔ ያለሁት ደብረ ብርሃን። መካኒካችን ወልደአረጋይ ለቅሶ ሄዷል። አባቴ ጋ ደወልኩ።

«አባዬ፣ የእግሩን ዙሪያ በክር ይለኩና ክሩን በሚኒባሱ ሾፌር ይላኩልኝ።»

ብልጠት መስሎኝ ነበር። አርብ ጠዋት ለጧፍ ከሚገመደው ጥጥ የተቆረጠ ክር በወረቀት ተጠቅልሎ ደረሰኝ። ዘርአ ዳዊት በሜትር ለካው፤ ልክ አሥራ አንድ ሴንቲ። ዙሪያውን ወደ ውፍረት ሊቀይር በስልኩ አካፈለና «ሠላሳ አምስት ሚሊ» አለ። ከመደርደሪያው ጥንድ እግር አወረደልኝ።

«ከዚህ ከወጣ አልመልስም፤ ካሁኑ ልንገርሽ» አለኝ። እኔም እንደ ሙሽራ ደስ ብሎኝ ተሸክሜው ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤላ ስደርስ ወልደአረጋይ ከለቅሶ ተመልሷል። አዲሱን እግር መሪው ሥር ካለው ማቀፊያ ሊያስገባ ቢል አልገባ አለው። ገለበጠው፤ እንደገና ሞከረ፤ እንቢ አለ።

«ይሄ የዝሆን እግር ነው» አለ። ክሩን ተቀበለኝና በአሮጌው እግር ላይ ጠመጠመው። ክሩ ዞሮ ተገናኝቶ፣ የአንድ ጣት ስፋት ተረፈ።

ወደ ቤት በሩጫ ሄድኩ። አባቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግሙ ነበር። እስኪጨርሱ እንኳ አልታገስኩም።

«አባዬ፣ እንዴት አድርገው ነው የለኩት?»

«ዙሪያውን ለካሁና አንድ ጣት ጨመርኩበት።»

«ለምን?»

«ልማድ ነዋ። ጧፍ ተስለሽ የቤተ ክርስቲያኑን ዙሪያ ስትለኪ ትርፍ ትጨምሪ የለም? ስለት አይጎድልም።»

«ይሄ ብረት ነው እንጂ ስለት አይደለም! ሰኞ ሞተሩን ሊወስዱብኝ ነው!» ብዬ ጮህኩባቸው። በዕድሜዬ አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር።

ዳዊታቸውን ዘጉ።

«በልክ የቆረጥኩት አንድ ጊዜ ነው» አሉ። «ሳጥን ሠሪው የእናትሽን ቁመት ላኩልኝ ያለ ጊዜ። ትርፍ አያስፈልግም ብሎኝ ልክ በልኳ ቆረጥኩ። ከዚያ ወዲህ እጄ በልክ አልቆርጥ ብሎኛል። ያውም አንቺ ለምትወጪበት።»

አፈርኩ። አጠገባቸው ተቀመጥኩና እጃቸውን ሳምኩ። ከዚያ መቀስ ይዤ አብረን ወደ ሞተሩ ሄድን። ክሩን አሮጌው እግር ላይ ጠምጥመው በሁለት ጣታቸው ያዙልኝ።

«አንቺ ቁረጪው» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ቆረጥኩት። የተረፈችው ቁራጭ መሬት ወደቀች፤ አባቴ ጎንበስ ብለው አነሷት።

ቅዳሜ ማለዳ የዝሆኑን እግር ተሸክሜ ዘርአ ዳዊት በር ላይ ቆምኩ። ገና ከሩቅ ሲያየኝ ራሱን ነቀነቀ። ልዋሸው አስቤ ነበር፤ ግን እውነቱን ከነሳጥን ሠሪው ነገርኩት። ክሩን ተቀብሎ ለካው።

«ሠላሳ አንድ» አለ። ጓዳ ገብቶ ብረት ለብረት ሲያንኳኳ አረፈደ። የወጣው አቧራ የለበሰ ጥንድ ይዞ ነው። የመጀመሪያውን መልሶ ተቀበለኝ።

«አልመልስም ያልኩት ለነጋዴ ነው» አለ።

ስመለስ መሽቶ ነበር። ወልደአረጋይ እሑድ ብረት አልነካም ብሎ ሲያንገራግር አባቴ ራሳቸው «በሰንበት ጉድጓድ የወደቀ በሬ ይወጣል ተብሏል» አሉት። ከቅዳሴ በኋላ ገጠመው፤ እግሮቹ ሳይታገሉ ገቡ።

ሰኞ ኮሚቴው ሦስት ሆኖ መጣ። ሞተሩ በሁለተኛው ምት ተነሳ። አንደኛው ሰውዬ ራሱ ነድቶት ዳገቱን ወጥቶ ወረደና ፈረመ። አብሯቸው የመጣው አለቃዬ ያዘነ መሰለኝ።

የክትባት ሳጥኔን አስሬ ልወርድ ስል አባቴ መጡ። የጃኬቴን ኪስ ከፍተው አንድ ነገር አስገቡ። ያቺ ቁራጭ ክር ናት።

«ልኩን ብረቱ ይያዝ» አሉኝ። «ትርፉ ያንቺ ነው።»

ኪሴን ዘጋሁና ቁልቁለቱን ወረድኩ።