አቋርጣ መጣች

አባቷ በተቀበረበት ቅዳሜ ሔራን ኮሎራዶ ተራራ ላይ ማራቶን ትሮጥ ነበር። መሞቱን የነገራት አልነበረም።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አባቷ ቤት፣ ጥቁር ለብሳ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ለቀስተኛ በገባ ቁጥር አክስቷ ብርሃነሽ ቀድማ ታወራለች፤ ልጅቱ የአባቷን መታመም እንደሰማች ሩጫውን ግማሽ ላይ ጥላ እንደወጣች፣ ፍላይት አጥታ ለቀብሩ እንዳልደረሰች። ለቀስተኛው ከንፈሩን ይመጥና ወደ ምስር ወጡ ይመለሳል። ሔራን ሦስት ቀን ሙሉ አንገቷን ደፍታ ሰማች።

መሞቱ እንዳይነገራት የወሰነችው ብርሃነሽ ነበረች። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ለዚያውም ተራራ ላይ ብቻዋን ላለች ልጅ። የመቃብሩ ቀጠሮ ግን ቅዳሜ ነበርና ቀበሩት። ሰኞ ሊነጋጋ ሲል እንደ ወጉ ሽማግሌ አስከትላ ሔራን የምትኖርበት አሌክሳንድሪያ ድረስ ሄዳ በሯን አንኳኳች።

ቅዳሜ ዕለት፣ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሔራን የተነፈሰችው አየር ሳንባዋ አይደርስም ነበር። ጭንቅላቷ እየተፈለጠ፣ ሁለት ጊዜ አስመልሷት፣ ዳገቱን በእግሯም በእጇም ወጥታ ጨረሰች። ወዲያው አባቷ ስልክ ላይ ደወለች። ያነሳችው ብርሃነሽ ነበረች።

«ተኝቷል» አለቻት።

«ሲነሳ መጨረሴን ይንገሩልኝ።»

አባቷ ልዑልሰገድ ታክሲ ነጂ ነበር፤ እሱ ራሱ አውቶብስ ሊያመልጠው እንኳ አይሮጥም። እሷ ስትሮጥ ግን ከኋላዋ በመኪና እየተከተለ «የመንዝ አህያ ተጭና ከዚህ ትፈጥናለች» ይላት ነበር። እዚህ ተራራ የለምና የሚኖሩበትን ሕንፃ አስራ አራት ፎቅ በደረጃ ያስወጣታል፤ እሱ በአሳንሰር ይወጣና ላይ ቆሞ «ቀደምኩሽ» ይላታል። አንድ ቀን ደክሟት ከአስራ አንደኛው እስከ አስራ ሦስተኛው በአሳንሰር ሄደች፤ የቀረችውን በደረጃ ወጥታ፣ ሁሉንም በእግሯ የወጣች መስላ እያለከለከች ብቅ አለች። አሳንሰሩ የቆመበትን ፎቅ የሚያሳየውን መብራት ሲያይ ቆይቶ ኖሮ ሁለት ቀን ዘጋት። በሦስተኛው ቀን፣ መድከሟን እንዳልጠላው፣ የጠላው ማለክለኳን እንደሆነ ነገራት።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ዋቅጅራ ገቡ፤ ከአባቷ ጋር ሃያ ዓመት ታክሲ የነዱ። አልቅሰው ሲያበቁ ወደ ሔራን ዞሩ።

«ሰፈሩን ሲያሰለች ነበር እኮ፣ ልጄ አርባ ሁለቷንም ኪሎ ሜትር ትጨርሳለች እያለ። የት ላይ ነው ያቋረጥሽው?»

«ግማሽ ላይ» አለች ብርሃነሽ።

«አላቋረጥኩም፣ ጋሼ» አለች ሔራን። «ጨርሻለሁ። ስጨርስ ተቀብሯል። አልነገሩኝም።»

የሚያኝክ ሰው ማኘኩን አቆመ። ብርሃነሽ ጠጋ ብላ ክንዷን ያዘችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አባቷ ሬሳ ሆኖ ትሮጣለች ይበሉሽ? ለአንቺው ስም ብዬ እኮ ነው።»

«ይበሉ። ቀብሩን ወሰዱብኝ፣ እትዬ። ሩጫውን አልሰጥም።»

ብርሃነሽ እጇን ለቀቀቻት። ጋሼ ዋቅጅራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በስንት ገባሽ?»

ከቅዳሜ ጀምሮ ይህን የጠየቃት አልነበረም። «አምስት ሰዓት ከአስራ ሁለት ደቂቃ» ልትል ጀምራ «አምስት» ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። ተነሳች። የአክስቷን ልጅ በፈቃዱን መቃብሩ የት እንደሆነ ጠየቀችው። እሑድ በመኪና እንደሚወስዳት ነገራት።

«አሁን አድራሻውን ቴክስት አድርግልኝ።»

«ሔሪ፣ ዘጠኝ ማይል ነው።»

«ዘጠኝ ማይል አውቃለሁ።»

በር ሥር ከተከመረው የለቀስተኛ ጫማ መሃል የራሷን መዛ አወጣች፤ ተንበርክካ ክሩን ሁለት ጊዜ ቋጠረችው። ነጠላዋን አውልቃ ወገቧ ላይ አሰረች። ብርሃነሽ ከኋላዋ ስሟን ጠራች። ሔራን ወጣች፤ በሩንም ዘጋችው።