የኔታ ያነበቡት ካርድ

በ1974 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ስለ ፅንስ ማስወረድ በአደባባይ መነጋገር የማይታሰብ ነበር። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ የብርጓል ግን ደፈረችው። በሁለት ዓመት ውስጥ በአንድ ቀበሌ ሦስት ወጣት ሴቶች ሞተዋል፤ በምን እንደ ሞቱ የሚያውቅ ሁሉ አላውቅም ይላል። ይህ አንገበገባት።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ አስማማው ውይይቱን በገደብ ፈቀደላት። "አንድ ሰው ቢጮህ፣ አንድ ሰው ቢሳደብ፣ በማግሥቱ የንባብ ክፍሉን የቀበሌው ሱቅ መጋዘን አደርገዋለሁ። ቁልፉን ይዘሽ ጠብቂኝ" አላት። ሰውዬው እንደሁ ስኳሩን የሚያከማችበት ቦታ ሲያማርጥ ነው የከረመው።

የብርጓል መላ አላጣችም። ሐሳብ ያለው ሁሉ በውሰት ካርድ ጀርባ ስሙን ሳይጠቅስ ይጽፋል፤ አንድ ሰው ለጉባኤው ያነባል። አንባቢ እንዲሆኑላት የለመነቻቸው ደግሞ ዋነኛውን ተቃዋሚ፣ የኔታ መርስዔ ኀዘንን ነበር።

"እኔ በዚህ ነገር እንደማልስማማ ታውቂያለሽ" አሏት።

"አውቃለሁ የኔታ። ሲያነቡ ግን አንዲት ቃል እንደማይዘሉ፣ አንዲት ቃል እንደማይጨምሩም አውቃለሁ።"

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ክፍሉ ግጥም አለ። ካህናቱ ከፊት፣ የፋብሪካ ሴቶች ከኋላ፣ ጓድ አስማማው በሩ ላይ። የኔታ "ፅንስ ነፍስ ነው፤ ማንም አይነካውም" የሚለውን ካርድ አነበቡ። "ስድስት ወልጃለሁ፤ ሰባተኛውን ምን ላበላው?" የሚለውንም በዚያው ድምፅ አነበቡ። ከፊት ማጉረምረም ተነሣ። የብርጓል ቁልፉን ጨበጠችው።

አምስተኛውን ካርድ የኔታ ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ፊደሎቹ ትልልቅና ዘመም ያሉ ናቸው። የብርጓል ከጎናቸው ሆና ጽሑፉን አየችና ክው አለች፤ የአገርነሽ ጽሕፈት ነው። የፋብሪካ ሠራተኛዋን አገርነሽን በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ እዚሁ ክፍል ውስጥ፣ እጇን ይዘው ያስጻፏት የኔታ ራሳቸው ነበሩ።

የኔታ አነበቡ። "ልጄን ወባ ገደላት ብያችኋለሁ። ዋሽቻለሁ። በስውር ልታስወርድ ሄዳ ደም ፈስሷት ሞተች። ደግ አደረገች አልልም። ፈርታኝ ነው ያልነገረችኝ። እኔም እናንተን ፈርቼ በውሸት አስለቀስኋችሁ።"

አንድ ቄስ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። የኔታ እጃቸውን አነሡ። "ገና አልጨረስሁም።"

ካርዱ ግን አልቋል፤ የብርጓል ታየዋለች። የኔታ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ያልተጻፈ ሊያነቡ ነው።

"ፅንስ ነፍስ ነው፤ ከዚህ ቃሌ አልወጣም። ይህችም ልጅ ነፍስ ነበረች። በሬን ያላንኳኳችው እንደምቆጣ አውቃ ነው። ይህ የእኔ ጥፋት ነው።"

ከኋላ አገርነሽ ተነሣች። "የኔታ፣ የጻፍሁት እኔ ነኝ።"

"ጽሕፈትሽ መቼ ይጠፋኛል፣ ልጄ።"

የተነሡት ቄስ አልተቀመጡም። በወንበሮቹ መካከል አልፈው ወደ እርሷ ሄዱና "እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ ነፍሷን ይማር" አሏት። ከዚያ ሌላው ተነሣ፣ ከዚያም ሌላው። አገርነሽ ልጇ ከሞተች ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ስለ አሟሟቷ ሳትዋሽ፣ ለቅሶ ተደረሰላት። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል አንድም የጮኸ አልነበረም። የብርጓል ደስታዋን መደበቅ አቅቷት እንባዋና ሣቋ ተቀላቀለባት።

ጓድ አስማማው ወደ እርሷ መጣ። ቁልፉን ዘረጋችለት፤ አልተቀበላትም።

"ለስኳሩ ሌላ ቦታ እንፈልጋለን" አለ ዓይኑን ሰበር አድርጎ። "የተረፈ ካርድ አለሽ? አንድ ስጪኝ።"