ማን ከማን ጋር

«ጥያቄ ያለው አለ?» ሪካ ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀች።

በፋብሪካው መመገቢያ አዳራሽ የተሰበሰቡት ሁለት መቶ ሠራተኞች አቀርቅረዋል። ከጀርባዋ ግድግዳው ላይ የአዲሱ አደረጃጀት ሥዕል ቀስ እያለ ይቀያየራል፤ ሳጥን በቀስት፣ ቀስት በሳጥን። ውጭ የጥቅምት ጉም ሐይቁን ውጦታል። ከወረቀት ማሽኑ የሚወጣው እንፋሎት ከጉሙ ጋር ስለተቀላቀለ ፋብሪካው ከመሬት ተነስቶ የሚንሳፈፍ ይመስላል።

የጠየቀ የለም። ወንበራቸውን አስተካክለው ወጡ።

ሪካ ሳሎራንታ ከሄልሲንኪው ዋና መሥሪያ ቤት የተላከችው ስልሳ ዓመት የጋዜጣ ወረቀት ሲያመርት የኖረውን ፋብሪካ ወደ ካርቶን አምራችነት እንድትለውጥ ነው። ጋዜጣ ገዢው እየጠፋ ነው፤ ለውጡ ካልሰመረ ፋብሪካው ይዘጋል፤ ፋብሪካው ከተዘጋ ከተማዋም አብራው ትከስማለች። አማካሪዎቹ ሠራተኛውን በአዳዲስ ቡድኖች ደልድለው ዝርዝሩን ሰጥተዋታል። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ይለጠፋል።

«ዝም ያሉት ተስማምተው ነው?» ብላ በሩ ላይ ማርኬታን ያዘቻት። ማርኬታ የሠራተኛ ማኅበሩ ተጠሪ ናት፤ ወረቀት የሚጠቀለልበት ክፍል ውስጥ ሠርታ ያረጀች።

«ይሄ እዚህ አይወራም» አለች ማርኬታ። «ፈረቃዬ አልቋል፤ ሳውና ልገባ ነው። ከፈለግሽ ነይ።»

የፋብሪካው ሳውና፣ የእንፋሎት መታጠቢያው፣ ሐይቁ ዳር ነው። ሁለቱ ሴቶች ራቁታቸውን ላይኛው እርከን ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ማርኬታ በጭልፋ ውሃ ስታፈስበት የጋለው ድንጋይ ተነፈሰ፤ ክፍሉ ነጭ ሆነ። ሪካ የገዛ ጉልበቷን ማየት አቃታት። ድምፅ ብቻ ቀረ።

«ሴፖን ከኦላቪ ለይታችኋል አሉ» አለች ማርኬታ።

«ዝርዝሩን ማን አሳየሽ?»

«ከተማዋ ትንሽ ናት። መልሺልኝ።»

«ሁለቱ እኮ ከተኳረፉ ሃያ ዓመታቸው ነው!»

ማርኬታ ሳቀች። «የተኳረፉት በአንድ ጀልባ የተነሳ ነው። ማሽኑ ጋ ሲሆኑ አንዱ ሳይጠራ ሌላው ይደርሳል። ወረቀቱ ሊበጠስ ሲል ሴፖ ቀና ይላል፤ ያኔ የኦላቪ እጅ ማቆሚያው ላይ ነው። ምን መነጋገር ያስፈልጋቸዋል?»

«ታዲያ አዳራሹ ውስጥ ለምን አትናገሩም?»

«ጥያቄ አላችሁ ወይ ነዋ ያልሽን። ጥያቄ የለንም፤ መልስ ነው ያለን።»

እንፋሎቱ ሲሳሳ ማርኬታ ጣቷን ውሃ ውስጥ ነክራ ጣውላው ላይ ስሞችን እየጻፈች በመስመር ታገናኝ ጀመር፤ ማን ማንን እንዳስተማረ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚገጥም። ሙቀቱ መስመሩን ወዲያው ይጠጣዋል። ሪካ ስሞቹን ልትይዝ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ አንዱን ስትይዝ ሌላው ደርቆ ይጠፋል። የመጨረሻው ስም ሲጠፋ ወጥተው ሐይቁ ውስጥ ገቡ። ጉሙ ውስጥ ተንጋላ ስትንሳፈፍ ሪካ የማሽኑን ጉርምርምታ በውሃው በኩል፣ በጀርባዋ ሰማችው። ሦስት ወር አጠገቡ ውላ፣ ዛሬ ገና።

ፀጉሯ ሳይደርቅ ቢሮዋ ስትገባ ስልኩ ይጮሃል። የሄልሲንኪው ዋና ሥራ አስኪያጅ ዩሃ ነው።

«ዝርዝሩ ተለጠፈ?»

«አልተለጠፈም። ቡድኖቹን ራሳቸው ይመሥርቱ። እስከ ዓርብ ጊዜ ስጠኝ።»

«ምን ነካሽ? ቢሳሳቱስ?»

«የራሳቸውን ስህተት ያርሙታል። የእኛን ግን ተሸክመውት ይኖራሉ እንጂ አያርሙትም።»

«ዓርብ ካልደረሰ፣ በአንቺ ቦታ ሌላ ሰው እልካለሁ።»

«እሺ።»

ሪካ ከፋብሪካው የወረቀት ጥቅል አንድ ሰፊ ቁራጭ አስቆርጣ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። ፈረቃዎቹንና ክፍሎቹን ብቻ ጽፋ የስሙን ቦታ ባዶ ተወችው። ሾርባ ለመቀበል የተሰለፉት ሠራተኞች ሳህን እንደያዙ አዩዋት። የተጠጋ የለም። ሴፖና ኦላቪ ከሰልፉ ሁለት ጫፍ ሆነው ወረቀቱን ያያሉ።

ሪካ ብዕሩን አነሳችና «የጠዋት ፈረቃ፣ መጠቅለያ ክፍል» ከሚለው ሥር የራሷን ስም ጻፈች፤ ከጎኑም «ተማሪ» ብላ ጨመረች። ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ትታ የሰልፉ መጨረሻ ሄዳ ቆመች።