የሸንጎው ሻሽ

ባሌ ጋኦላቴ የሳንባውን ኪኒን በጀመረ ሰሞን፣ ግራ ክንዱን በእጅጌው ሸፍኖ ቀኙን ገልጦ የከብቶቹን በረት ተደግፎ ቆሞ አገኘሁት። ምን እያደረገ እንደሆነ ብጠይቀው፣ ፀሐይን እየፈተንኩ ነው አለኝ። ማታ ቀኙ ቀልቶ ተቆጣ፤ ግራው ደህና ነበር። ኪኒኑ ብቻውን አያቃጥልም፣ ፀሐይ ታግዘዋለች ማለት ነው ብሎ ደስ አለው።

ዕድሜውን ሙሉ የከርሰ ምድር ውሃ ሲፈልግ የኖረ ሰው ነው። ሳንባው ምክንያቱ በማይታወቅ፣ ብዙ ሰው በማይይዝ በሽታ ጠባሳ እያወጣ ይደድር ነበር። በዋና ከተማችን በጋቦሮኔ ያለችው ሐኪም እንዳስረዳችን መድኃኒቱ የተበላሸውን አይመልስም፤ የሚመጣውን ያዘገያል። በምትኩ ያቅለሸልሻል፣ ምግብ ያስጠላል፣ ቆዳን ከፀሐይ ጋር ያጣላል። ጋኦላቴ ይህንንም መረመረ። ኪኒኑን ከማሽላ ገንፎው በፊት ሳይሆን መሀል ላይ ሲውጠው ማቅለሽለሹ እንደሚቀል ደረሰበት።

ከዚያ የሸንጎው ቀን ቀረበ። መንደሩ አዲስ የውሃ ጉድጓድ ሊያስቆፍር ነው፤ የተመረጠው ቦታ ግን ከሥሩ ያለው ውሃ ጨዋማ መሆኑን ጋኦላቴ ያውቃል። ይህን ሳይናገር መቅረት አልፈለገም። በሸንጎ ደግሞ ወንድ ባርኔጣውን ያወልቃል። ጥላው የሹሙና የሽማግሌዎቹ ነው፤ ተናጋሪ ፀሐይ ላይ ይቆማል። እኔ ልናገርልህ ስለው፣ ጥያቄ ሲነሳ መልሱን ከየት ታመጫለሽ አለኝ። መድኃኒቱን ለጥቂት ቀን ሊያቋርጥ አስቦ ሐኪሟ ጋ ደወለ። ቆዳህ ይታገስህ ይሆናል፣ ሳንባህ ግን አይጠብቅህም አለችው።

ስልኩን ዘግቶ ወደ እኔ ዞረ።

"ማ-ኦናለና" አለኝ፣ እንደ ወትሮው የኦናለና እናት ብሎ በልጃችን ስም ጠርቶ፣ "በሸንጎ ራስ መሸፈን የተከለከለው ለማን ነው?"

"ለወንድ።"

"ለሴትስ?"

"ግዴታ ነው።"

ተነስቶ ቁምሳጥኔን ከፈተ።

በማግስቱ ፊቱን የፀሐይ መከላከያ ክሬም ተቀብቶ፣ ሰማያዊ ሻሼን ጆሮውና ማጅራቱ ድረስ አስሮ ሸንጎው መሀል ቆመ። ከጥላው ሥር ሽማግሌው ራ-ሴቦኒ አንገታቸውን አሰገጉ።

"ማ-ኦናለና፣ ጺም አበቀልሽ እንዴ? ባልሽንስ የት ጣልሽው?"

ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ከሴቶቹ መሀል መሬት መሬቱን አየሁ። ጋኦላቴ ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀ፤ ትንፋሹንም የሰበሰበው ያኔ ነው።

"ባሌ ቤት ቀርቷል፣ ራ-ሴቦኒ። ስለ ውሃ የማውቀው እኔ ነኝ።"

ሹሙ አልሳቁም። ሻሹን ትክ ብለው አዩት።

"ሸንጎው ራሷን ያልሸፈነች ሴት አይሰማም" አሉ። "ይህቺ ግን ሸፍናለች። ትናገር።"

ተናገረ። በየመሀሉ ትንፋሽ ሲያጥረው ማንም አላቋረጠውም። የጉድጓዱ ቦታ ተለወጠ።

መድኃኒቱንም አላቋረጠም። በሚቀጥለው ምርመራ የትንፋሹ ልክ ከበፊቱ አልወረደም። ሐኪሟ ይህ ጥሩ ነው ስትለው፣ ባልወስደው ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር በምን ታውቂያለሽ ብሎ ጠየቃት። በአንድ ሰው ላይ ማወቅ አይቻልም አለችው። መልሱን በጣም ወደደው፤ መንገዱን ሙሉ ሲያገላብጠው መጣ።

ያ ጥያቄ አሁን የእኔ ሆኗል። ኪኒኑ ስንት ክረምት እንደጨመረልን አላውቅም። የጉድጓዱ ውሃ ግን ጨው የለውም። በየጠዋቱ እቀምሰዋለሁ።