ማሽን ላይ ያልወጣችው መኪና

ልብስ ሰፊዋ ከንጋት ጀምሮ እግሯ መሬት አልያዘም። ጎህ ሳይቀድ ወጥታ የመኪና ምርመራው በር ላይ ተሰልፋ ተራ ቁጥር ወሰደች። ሦስት ሰዓት ላይ ወደ ቤት ተመልሳ አባቷንና የአባቷን አሮጌ መኪና ይዛ እንደገና መጣች። አሁን አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ከፊቷ ገና ዘጠኝ መኪና አለ። መሪው ላይ ተቀምጣ አንዴ መስታወቱን ታወርዳለች፣ አንዴ ታወጣለች፤ ሊብሬውን ከቦርሳዋ አውጥታ ታየዋለች፣ መልሳ ትከተዋለች። መቀመጫው እሾህ ያበቀለባት ነው የምትመስለው።

እዚያ ሰልፍ ላይ ያለ ሰው ሁሉ የሚጨነቀው «መኪናዬ ትወድቅብኝ ይሆን?» ብሎ ነው። እሷ ደግሞ የምትጨነቀው «ብታልፍስ?» ብላ ነው። እንዲህ ያለ ባለጉዳይ ያ ግቢ አይቶ አያውቅም።

ነገሩ ወዲህ ነው። አባቷ ሰላሳ አንድ ዓመት መኪና መንዳት ያስተማሩ ሰው ናቸው። ከተማው ውስጥ መሪ ከሚጨብጠው ሰው እኩሌታው በእሳቸው እጅ ያለፈ ስለሆነ ትልቅ ትንሹ «የኔታ» ይላቸዋል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው አንድ ነው፤ የሰፊዋን ልጅ፣ የሰባት ዓመቷን ትንሿን፣ ጠዋት ትምህርት ቤት ማድረስና ስድስት ሰዓት ላይ መመለስ። ታዲያ የስኳር በሽታው ቀስ በቀስ ቀኝ እግራቸውን አደነዘዘው። ባለፈው ወር ሰፊዋ ወለል ላይ የጣለቻት ስፒል ካልሲያቸውን አልፋ ተረከዛቸው ውስጥ ገብታ፣ ከምሳ እስከ እራት ይዘዋት ሲዞሩ ዋሉ። ደሙን ያየችው ሚስታቸው ናት እንጂ እሳቸው ምንም አልተሰማቸውም። በሳምንቱ ደግሞ የጎረቤትን የብረት በር በመኪና ገጩት። «ጫማዬ አንሸራቶኝ ነው» አሉ። ጫማው አዲስ ነበር።

«አባዬ፣ እባክህ መንዳቱን ተው» ብላ ያልለመነችበት ቀን የለም። ለምናለች፣ አልቅሳለች፣ አኩርፋለች። ጆሮ ዳባ ልበስ። ሐኪሙ ራሱ ቢነግራቸው፣ «እሱን ተዪው፤ መኪና ወደ ኋላ ማቆም አቅቶት ሦስቴ የወደቀብኝ ልጅ ነው» ብለው ሳቁ። የኔታ የሚሰሙት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሕግ። ሕግ ቁም ካለ ይቆማሉ። ለተማሪዎቻቸውም «ሰው ያዳላል፣ ማሽን አያዳላም» ሲሉ ነው የኖሩት።

እሷም ይህችኑ ያዘች። መካኒክ አጎቷ ዘንድ ሄዳ፣ «ጋሼ፣ የኋላውን ፍሬን አላላልኝ፤ የእጅ ፍሬኑንም ጨምርልኝ። የዓመቱ ምርመራ ላይ ማሽኑ ይጣላት» አለችው። አጎቷ መፍቻውን አስቀምጦ ትክ ብሎ አያት።

«እኔ መኪና እጠግናለሁ እንጂ አላበላሽም።»

«ልጄ ናት የምትሳፈረው ጋሼ።»

አጎቷ እያጉረመረመ ትናንት ከሰዓት እቤታቸው መጣ፤ መኪናዋ ዘይት ታፈስስ እንደሆነ ልያት ብሎ ከሥሯ ገባና የተባለውን አደረገ። «የፊተኛው ትንሽ ትንሽ ይይዛል» አላት ሲወጣ። «በሁለተኛ ማርሽ፣ በቀስታ፣ አንቺ ብቻ ንጂያት። የወደቀ መኪና በገባበት በር ነው የሚመለሰው፣ መንገዱ ሜዳ ነው። ቀጥ ብለሽ እኔ ጋ አምጫት። ከዚያ ‹ዕቃው ከገበያ ጠፍቷል› እያልኩ ዓመት አቆማታለሁ።» ለእናቷ አልነገረቻትም፤ እናቷ ምስጢር አፏ ላይ አያድርም። ጠዋት ስትወጣ «ትንሿን ዛሬ በእግር አድርሻት» ብቻ ነው ያለቻት።

የኔታም ከጎኗ ተቀምጠው ዝም አላሉም። ሰላሳ አንድ ዓመት የተቀመጡበት ወንበር ነው፣ ሲቀመጡበት ምላሳቸው ይፈታል።

«እስከዚህ ድረስ በሁለተኛ ማርሽ መጣን። ሞተሩ ምን በደለሽ?»

«መንገዱ ተጨናንቆ ነው አባዬ።»

«ብስክሌት ሁለት ጊዜ ቀደመን እኮ። አንዱማ ዞሮ አይቶ አዘነልን።»

ሰልፉ ላይ ደግሞ የተለመደው ነገር እየተካሄደ ነበር። እሳት ማጥፊያ የሌለው ሾፌር ካለው ይዋሳል፤ ተመርምሮ ሲወጣ በአጥሩ ቀዳዳ መልሶ ለሚቀጥለው ያቀብላል። አንዲት ቀይ እሳት ማጥፊያ ብቻዋን ሰባት መኪና አሳለፈች። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር «ቦሎ መለጠፍ ያለበት ለእሷ ነው፤ ከሁላችንም በላይ የተመረመረች እሷ ናት» ሲል ሰልፉ በሙሉ ሳቀ፣ የኔታም እስኪያስላቸው ሳቁ። ሰፊዋ ብቻ አልሳቀችም። ዓይኗ ከአዳራሹ ወለል ላይ አልተነሳም፤ እዚያ ሁለት የሚሽከረከሩ ብረቶች አሉ፣ ጎማ ሲወጣባቸው ፍሬን መያዙን አለመያዙን በመብራት የሚያሳዩ። ተስፋዋን ሁሉ የጣለችው እነዚያ ብረቶች ላይ ነው።

ተራቸው ደረሰ። መርማሪው፣ ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ጎልማሳ፣ ወረቀቱን ይዞ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለ። ጎንበስ እንዳለ ቀረ።

«የኔታ?»

«አንተ ግራ እጅ» አሉ የኔታ። «አሁንም ቀኝ ሲሉህ ወደ ግራ ነው የምትታጠፈው?»

ሰውዬው እንደ ተማሪ ቀላ። ዞሮ መጥቶ በሩን ከፈተ፣ እጃቸውን በሁለት እጁ ይዞ አልለቅም አለ። ባልደረቦቹን ጠራ፤ «ሰው ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው፣ ኑና ሰላም በሏቸው» አለ። የኔታ ፊታቸው እንዲህ ሲበራ ሰፊዋ ካየች ብዙ ጊዜዋ ነው። ልቧ ወከክ አለ፤ መርማሪው ግን መብራቱን፣ ፍሬቻውንና ክላክሱን ለወጉ ያህል አይቶ እጁን አወዛወዘ።

«ይበቃል የኔታ፣ ይለፉ።»

«ማሽኑስ?» አለች ሰፊዋ። ድምጿ ከፍ ብሎባት ራሷ ደነገጠች።

«ፍሬን አያያዝ ያስተማሩኝን ሰው እኔ ፍሬናቸውን ልፈትሽ? ነውር ነው እህቴ።»

«ግድየለም፣ ትውጣ። ሕግ አይደል እንዴ?»

«አዎ፣ አውጣት፤ ማሽን አያዳላም» አሉ የኔታም፣ ግን ለአፋቸው ነው፤ ደስታቸው ከንፈራቸው ላይ ነበር።

«ማሽን ሰው አያውቅም፣ እኔ ግን አውቃለሁ» አለና መርማሪው ወረቀቱን ፈርሞ፣ ማኅተም አስመትቶ፣ ቦሎውን በገዛ እጁ መስታወቱ ላይ ለጠፈ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው። ሴትዮዋ ሁሉን አስባ ነበር፤ ማርሹን፣ መንገዱን፣ የአጎቷን ሰበብ ሳይቀር። አባቷ የተከበሩ ሰው መሆናቸውን ብቻ ዘነጋችው።

ከአዳራሹ ወጥተው ግቢው ውስጥ ሲቆሙ የኔታ በሩን ከፍተው ወረዱና በእሷ በኩል ዞረው መጡ። «በይ ውረጂ። ካሁን ወዲያ እኔ ነኝ የምነዳው፤ ከአንቺ ጋር ከሆነ ለምሳም አንደርስ።»

ያለፈ መኪና የሚወጣበት በር ወደ ሌላ መንገድ ነው የሚያወጣው፤ ወጣ እንዳሉ ቁልቁለት ነው፣ ከቁልቁለቱ ሥር ገበያው፣ ከገበያው ጀርባ የትንሿ ትምህርት ቤት።

«ደክሞሃል አባዬ፣ እኔ ልንዳ።»

«ተቀምጬ ምን ያደክመኛል?»

«ፀሐዩም ዓይንህን ይወጋሃል።»

«ላንቺ ሲሆን ጨረቃ ነው?»

ሰበብ አለቀባት። ወረደች። የኔታ ገብተው ወንበሩን አስተካከሉ፣ ስፖኪዮውን አስተካከሉ፣ ሞተሩን አስነሱ። እሷ ግን በወዲያኛው በር አልገባችም። እግሯ ወደ መኪናዋ ፊት ወሰዳትና ሁለት እጇን ኮፈኑ ላይ አድርጋ ቆመች። ከኋላ ያሉት ክላክስ ማሰማት ጀመሩ።

«ምን ሆነሻል? ግቢ እንጂ» አሉ የኔታ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው።

«አባዬ፣ ሞተሩን አጥፋው። ፍሬን የላትም።»

«አሁን አለፈች እኮ።»

«አልተመረመረችም። ፍሬኑን አላልተነዋል፤ አጎቴ ነው ያላላው፣ ያዘዝኩት ግን እኔ ነኝ። የእጅ ፍሬኑንም ጭምር። እንድትወድቅ ብዬ። መንዳቱን እንድትተው ብዬ።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ። የኔታ ሞተሩን አጠፉ። ሰፊዋ ቁጣ ጠበቀች፤ ቢጮሁባት ደስ ይላት ነበር።

«በአባትሽ ላይ እንደ ሌባ በጓሮ ዞረሽ መጣሽበት?» አሉ በቀስታ።

«በፊት ለፊቱም መጥቼ ነበር። ስንት ጊዜ መጣሁ አባዬ?»

«እሱስ መጥተሻል» አሉ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ቀና ብለው አዩዋት። «መቼ ነው ያላላችሁት?»

«ትናንት ከሰዓት።»

የኔታ እጃቸውን ከመሪው ላይ አንስተው ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«ዛሬ ጠዋት ትንሿን ያደረስኳት እኔ ነኝ» አሉ።

«እማዬ ናት እንጂ፣ በእግር...»

«እናትሽን ጉልበቷን ሲቆረጥማት አደረ። እኔ ልውሰዳት አልኩ። በዚሁ ቁልቁለት ወረድን። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ልጆች ሲሻገሩ ቆምኩላቸው፤ መኪናዋ ግን ከመስመሩ አልፋ ነው የቆመችው። ልጆቹ ሮጡ። እየተጫወቱ መሰለኝ። ሳቅኩ እኮ። ትንሿ ‹አባባ፣ ለምን አስደነገጥካቸው?› ስትለኝ ሳቅኩ። ፍሬኑ መላላቱን እግሬ አልነገረኝም።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። ሰፊዋ ልጇን ላድን ብላ የልጇን ሞት በገዛ እጇ አሰናድታ፣ በገዛ እጇም የመኪናዋን ቁልፍ እንደ ወትሮው ቤት ያለው ምስማር ላይ ሰቅላላቸው ወጥታ ነበር፤ ይዤው ልሂድ ብላ፣ ይጠረጥራሉ ብላ ተወችው። ኮፈኑ ላይ ደረቷን ጥላ፣ ሰልፈኛው ሁሉ እያያት፣ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

የኔታ ወረዱ። ትከሻዋን አንዴ ነካ አደረጓትና ወደ አዳራሹ ሄዱ። «ግራ እጅ፣ ና የለጠፍከውን አንሳው» አሉ። መርማሪው የሚቀልዱ መስሎት ፈገግ አለ፤ ፊታቸውን ሲያይ ፈገግታው ጠፋ። መኪናዋን የጭነት መኪና ሾፌሩና ሌሎች ሁለት ሰዎች በእጅ እየገፉ ማሽኑ ላይ አወጧት። የኔታ ራሳቸው ገብተው ፍሬኑን ረገጡ። ቀዩ መብራት በራ። ደግመው ረገጡ፤ ያው ቀይ ነው።

መርማሪው ቦሎውን በጥፍሩ ሲልጥ አንገቱን ደፍቶ ነበር። «ይቅር ይበሉኝ የኔታ። ክብር የሰጠሁዎት መስሎኝ ነው።»

«እኔም ክብር መስሎኝ ነው ዝም ያልኩህ» አሉ። ከዚያም «እዚህ የሰው እግር የሚፈትሽ ማሽንስ አላችሁ?» ሲሉ ጠየቁ። ማንም አልሳቀም። የኔታ ቁልፉን ለልጃቸው ሰጧት። «አጎትሽ መጥቶ ይጎትታት። በደንብ ይጠግናትና ካሁን በኋላ አንቺ ንጂያት። በሁለተኛ ማርሽ ግን አይደለም።»

ሰፊዋ ዕንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ይቅርታ ልትል አፏን ስትከፍት የኔታ ሰዓታቸውን አዩ። አምስት ሰዓት ተኩል ነበር። «ትንሿ ስድስት ላይ ትወጣለች» አሉ፣ «አሁን ካልተነሳን አንደርስም።»

«ታክሲ ልጥራ አባዬ?»

«እስከ ታች ድረስ ለታክሲ ምኑም አይደል። በእግራችን እንውረድ።»

ወጡ። በሩ ላይ ቁልቁለቱ ሲጀምር የኔታ ቆሙ፤ የአስፋልቱን ጠርዝ አዩ፣ ጫማቸውን አዩ። በሕይወታቸው የሰው ክንድ ይዘው አያውቁም ነበር። ክንዳቸውን ወደ እሷ ዘረጉ።

«ያዢኝ» አሉ። «እግሬ የት እንዳረፈ አንቺ ንገሪኝ።»